የጠቅላይዋ ወረቀት
አባቷ ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ የሰቀላት ጣውላ «ሞተር ጠቅላይ» ትል ነበር። የተቃጠለ ሞተር ሆዱን ከፍቶ፣ የከሰለውን የመዳብ ሽቦ መዝዞ አውጥቶ፣ በአዲስ የሚጠቀልል ሰው ማለት ነው። ሰፈርተኛው ግን «ሞተር» የምትለዋን ቆርጦ ጣለና ሰውየውን «ጠቅላይ» ብሎት ቀረ። ሲሞት ሱቁም ስሙም ለሴት ልጁ አለፉ። «ያለ ምርጫ ሥልጣን ያዘች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ትምህርቷን ያቋረጠችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ማንም ትምህርትሽን ተይ አላላትም። የአባቷ ዓይን እየደከመ ሄዶ ሽቦው ስንት ዙር እንደዞረ መቁጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ እየተቀመጠች ትቆጥርለት ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ከመሄዷ በፊት ስትቆጥርለት፣ ሳትጨርስ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ አልተነሳችም። በማግስቱም አልተነሳች። እንዲሁ በዚያው ቀረች።

አባቷ ለሥራው የራሱ ቋንቋ ነበረው። ቀጭኑን ሽቦ «ፀጉር»፣ ወፍራሙን «ጅማት» ይለዋል። ልባሱ ተልጦ ሁለት ሽቦ ተነካክቶ ሞተሩ ሲቃጠል ደግሞ «ተሳሳሙ» ይላል። «አየሽ ልጄ፣ ያለ ቦታቸው ተሳሳሙና ቤቱን አነደዱት» ሲላት እንዳፈረ ሰው ፊቱን ያዞር ነበር። እሷ ከዚህ ሌላ የሥራ ቋንቋ አታውቅም።

ሃምሳ አራት ዓመት በሞላት ዓመት፣ የሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወደ ሱቋ መጣች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ልጆቹ ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን አንድ ሙያ እየተማሩ፣ የሙያውን ትምህርት ሲጨርሱ ተፈትነው የብቃት ማረጋገጫ ይይዛሉ፤ አንዱ ሙያ የሞተር ጥገና ነው።

«መጽሐፉን የሚያስተምር መምህር አለን» አለች ርዕሰ መምህርቷ። «እጅ ይዞ የሚያሳይ ነው የጠፋው። ሰው ሁሉ የጠቆመን እርስዎን ነው።»

ሴትዮዋ በደስታ እጇን በጨርቅ ደጋግማ ጠረገች። «መቼ ልምጣ?»

«ማስረጃዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።»

«የምን ማስረጃ?»

ርዕሰ መምህርቷ ግራ ተጋባች። ደንቡ አስተማሪው ራሱ ያንኑ ማረጋገጫ እንዲይዝ ያዛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን የውሃ መሳቢያና ወፍጮ ሲያስነሳ የኖረ እጅ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረውም።

«እንግዲያው እፈተናለኋ» አለች ጠቅላይዋ።

የፈተናው ዕለት በሩ ላይ የቆመው ፈታኝ አስቆማት። «እናቴ፣ ወላጅ የሚጠብቀው ውጭ ነው።»

«ተፈታኝ ነኝ፣ ልጄ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ ይልቅ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት የወደደችው የወንድሟ ልጅ ነበረች፤ እሷም ያንኑ ሙያ መርጣ ተፈታኝ ናት። አንገቷን ደፍታ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ በተግባሩ ፈተና ግን የሳቀ የለም። ልጆቹ ገና ሽቦ ሲለኩ እሷ ጠቅልላ፣ አስራ፣ ቫርኒሽ ቀብታ ነበር። ፈታኙ ባልደረቦቹን ጠርቶ እጇን እንዲያዩ አደረገ። ውጤቱ ሲመጣ በተግባር አንደኛ ወጣች፤ በጽሑፉ ወደቀች። «ሞተሩ ለምን ተቃጠለ?» ለሚለው «ሽቦዎቹ ተሳስመው» ብላ መልሳ ነበር። አራሚው በቀይ አስምሮበት ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጓል።

የወንድሟ ልጅ አለፈች። ወረቀቷን ይዛ ሱቅ ስትመጣ አክስቷ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሆድ ባሳት፤ ቅናት ግን አልነበረም። «አባቴ ይህን ቢያይ» አለች፣ «በሩ ላይ ይሰቅለው ነበር።»

ልጅቷ በአዳራሹ ውስጥ ማፈሯ ቆጨት አደረጋት። «አክስቴ፣ ሥራው እኮ አልከበደሽም። ቋንቋው ነው። እኔ ላስጠናሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከትምህርት መልስ እየመጣች አንድ ደብተር ትከፍታለች። በግራ የአያቷን ቃል፣ በቀኝ የመጽሐፉን ትጽፋለች። «ተሳሳሙ አትበይ፣ ሾርት ሆነ በይ።»

«ተሳሳሙ ማለት ምን ነውር አለው?»

«ነውርስ የለውም፣ ነጥብ ነው የሌለው!»

አክስትየዋ እየሳቀች ታጠናለች። አንዳንዴ ግን ድንገት ከደብተሩ ፊቷን ታዞራለች፤ አዲሱን ቃል በተናገረች ቁጥር አባቷን ሁለተኛ የምትቀብረው ይመስላታል። ልጅቷ ይህን አስተዋለች። አያቷ የሞተው እሷ ሳትወለድ በመሆኑ የምታውቀው ፎቶውን ብቻ ነበር። «ለምን ጅማት አለው? ማን ፊት ነበር እንዲህ የሚለው? ሲናደድስ ምን ይል ነበር?» እያለች መጠየቅ አበዛች። አክስቷም ሲናደድ ሞተሩን «አንተ ሆዳም» ብሎ እንደሚሰድብ፣ የጠገነው ሞተር ሲነሳ ጆሮውን ከብረቱ ለጥፎ ድምፁን እንደሚያዳምጥ፣ ዓይኑ ጨርሶ ከደከመ በኋላ እንኳ የሽቦ ውፍረት በከንፈሩ ይለይ እንደነበር አወራቻት። የደብተሩ ግራ ጎን ከቀኙ በለጠ። ልጅቷ አያቷን ያገኘችው በዚያች ሱቅ ውስጥ፣ ከሾርትና ከቮልቴጅ መካከል ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ጠቅላይዋ ጽሑፉን ደግማ ተፈተነች፤ አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት መባቻ ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ የአሮጌ ወንበር መጣያ በነበረ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ልጆች ፊት ቆመች። ጠዋት ጠዋት እዚያ ታስተምራለች፤ ከሰዓት ሱቋን ትከፍታለች። የወንድሟ ልጅም ትምህርቷን ስትጨርስ በዚያው ወረቀት የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ተቀጠረች። ወደ ሥራው ከመሄዷ በፊት ደብተሩን ለአክስቷ ልትሰጣት ብትል፣ አክስቷ «ያንቺ ነው፣ ያዢው» ብላ መለሰችላት።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ የልብስ ስፌትም ሊጨምር፣ አስተማሪም እየፈለገ መሆኑ ተሰማ። ከሱቋ ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን በእጃቸው እያሻሹ ወደ እሷ መጡ።

«አንቺ፣ ያ ፈተና ይከብዳል እንዴ?»

«ለእርስዎ እጅ አይከብድም። ጽሑፉ ግን ትንሽ ያስቸግራል።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር? ይስቁብኛል እኮ።»

«መጀመሪያ ይስቃሉ» አለቻቸው። የሱቋን በር ዘጋችና ለምዝገባ ተነስተው በኪሳቸው የያዙትን ፎቶ ተቀብላ፣ መንገዱን አሻግራቸው ወደ መመዝገቢያው አብራ ሄደች።