በፕላስተር የታሸገው ፊርማ

ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላጥ የሚያወጣውን ጭርርር የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ቢሮም ብሆን፣ ደሜ ይፈላል። ባደግኩበት የገርጂ ኮንዶሚኒየም ያ ድምፅ የአባቴ ድምፅ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ቤት በገባ ቁጥር ወለሉ ላይ ቁጭ ይልና ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በፕላስተር አሽጎ፣ ቁልፎቹ እስኪደነዝዙ ድረስ ይጠብቀው ነበር። ሶፋችን እንኳ ከነላስቲኩ ነው ያረጀው።

እናቴ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ትሠራ ስለነበር፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድና እኔ ሳሎኑ ውስጥ ፑል ስጫወት እውል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ በረራዋ የተሰረዘባት አንዲት የውጭ አገር ሴት ሁለት ቀን ሙሉ አብራኝ ተጫወተች፤ በአገሯ የፑል ሻምፒዮን መሆኗን እናቴ ነገረችኝ። ስምንት ጊዜ አሸነፈችኝ፣ አንድ ጊዜ አሸነፍኳት። ልትሄድ ስትል ከአሮጌዎቹ የፑል ዱላዎች አንዱን ከኃላፊው ለምና፣ በማርከር ፈረመችበትና፣ ስሜ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቃኝ፣ ምላሷን አውጥታ እየተጠበበች፣ እግሩ የተንጋደደ «ሐያት» ጻፈችልኝ። የኔ ብቻ የሆነ ነገር ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

መስከረም ላይ ለክፍል ጓደኞቼ ባወራ «አትቅደጂ ባክሽ!» ብለው ሳቁብኝ። ዱላውን ወስጄ እንዳላሳያቸው አባቴ ቀድሞኝ ፊርማውን በፕላስተር ሦስት ዙር አሽጎ፣ ከቡፌው በላይ ሰቅሎታል። «ይሰርቁሻል፤ እዚህ ይቀመጥ» ይለኝ ነበር። በጋው በዚሁ አለቀ፣ እሱ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያሳየ፣ እኔ ትምህርት ቤት «ሻምፒዮኗ መጣች» እየተባልኩ። የኔን ዕቃ ለምን ከኔ እንደሚጠብቀው አይገባኝም ነበር፤ ዛሬም አይገባኝም።

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለምኜ ለምኜ እሺ አለ። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ጽሑፉ ስለማይታይ «ቆይ ላጽዳልሽ» ብሎ ጫፉን ያዘና በአንዴ ሳበው። ፊርማውም ስሜም ከፕላስተሩ ጋር ተነሱ። እኔ ስጮህ እሱ ፕላስተሩን ድብልብል አድርጎ ጣለና፣ ማርከር አምጥቶ፣ «ምን ያስለቅስሻል? እኔ እጽፍልሽ የለ!» እያለ፣ ፊርማ የሚመስል ነገር ሞነጫጨረበት፤ ከሥሩም «ሐያት» ብሎ አሳምሮ ጻፈ።

እኔ ሞኟ ይዤው ሄድኩ። ልጆቹ ዱላውን ተቀባብለው ሲያዩ ቆዩና አንዷ፣ «ይቺ ‹ት› የአባቷ ናት!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነበር። አባቴ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት የብርጭቆና የሳህን ሱቅ ነበረው፤ መስታወቱ ላይ በእጁ «መንካት ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ፣ የ«ት»ን እግር እስከ ታች ድረስ ጎትቶ ለቆታል፣ ያንን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ እውነት ስናገር ከርሜ፣ ማስረጃ ይዤ በሄድኩ ቀን ውሸታም ሆንኩ። እቤት ገብቼ እያለቀስኩ ብነግረው፣ «ጠብቄልሽ እኮ ነው» ብሎኝ እርፍ።

አሁን የምኖረው ሲኤምሲ ነው፤ ሪሞቴ ራቁቱን ነው፣ ልጄ ጭማቂ ብታፈስበትም አልቆጣም። ዱላው ግን ገርጂ፣ ከቡፌው በላይ፣ እንደገና ታሽጎ ተሰቅሏል፤ አባቴም አርጅቶ፣ ለእንግዳ «ሻምፒዮኗ ለልጄ የፈረመችላት ነው» ይላል፣ ደግሞ የምሩን ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ስትመጪ አዲስ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ገዝቼ ሄድኩ። የአሮጌውን ጫፍ ስይዝ ከሶፋው ብድግ ብሎ፣ «ቀስ! ቀስ ብለሽ ልጄ፣ ፊርማው እንዳይነሳ!» አለኝ።

ያኔ ለሻምፒዮኗ ፊርማ ያልተገኘው ጥንቃቄ፣ ዛሬ ለእሱ ሙንጭርጭር ተገኘ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ቀስ ብዬ ላጥኩት።