የደበቅሁት የአንገቴ ሕመም

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጄኔቭ ከመጣሁ ጀምሮ ከኋላ ተቀምጬ የእናንተን ምስክርነት ስሰማ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የራሴን ልናገር።

ሰውነቴን አይታችሁ ሥራህ ምን ነበር የምትሉኝ አላችሁ። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበርኩ፤ ያ የራስ ቁር አድርገው የሚጋጩበት ጨዋታ። ዙሪክ ጀምሬ፣ ጀርመን አገር በደመወዝ አራት ዓመት ተጫወትኩ። ቦታዬ የመከላከያው የፊት መስመር ነው። ኳስ አልይዝም፤ ፊቴ የቆመውን ግዙፍ ሰው እገፋለሁ። ስሜን የሚያውቅ ተመልካች አልነበረም። ለእኔ ግን ጨዋታው ጣዖቴ ነበር። ለጨዋታው ብዬ ጌታን ተውኩ፤ እዚህ ጄኔቭ፣ ኦኔ ሰፈር የምትኖረው ታላቅ እህቴ አልማዝ ስትደውልም አላነሳም ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ስጋጭ እጆቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ሆነብኝ። ከቡድኑ እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ለወዳጅነት ጨዋታ ዙሪክ መጥተን ሳለ ተጋጭቼ ወደቅኩ። ሁለቱም እጆቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖብህ ያውቃል ብላ ጠየቀችኝ። በፍጹም አልኳት። ወንድሞቼ፣ እጄን ማንሳት አቅቶኝ እንኳ እዋሽ ነበር! የመጀመሪያው ምርመራ ብዙም ስላላሳየ፣ ዕረፍት ካደረግህ እጆችህ ይመለሳሉ፣ ያኔ ትወጣለህ አለችኝ።

ከሆስፒታሉ ተደውሎላት አልማዝ በባቡር መጣች። ተመልሼ እንድጫወት ጸልዪልኝ አልኳት። እሷ ግን፣

"እሱን አልለምንም። የደበቅኸውን እንድትናገር ነው የምለምነው። ስትዋሽ ዓይኔን እንደማታይ ከልጅነትህ አውቃለሁ" አለችኝ።

አለቀስኩ፤ እንባዬን የጠረገችልኝ እሷ ናት። "ጌታ ሆይ፣ መግፋት ደክሞኛል፤ ተቀበለኝ" አልኩ። ከዚያ ሐኪሟን አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት።

እንደገና መረመሩኝ። የአንገቴ አጥንት ሕብለ ሰረሰሬን ተጭኖት ተገኘ። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። በኋላ ሐኪሟ፣ "ባትነግረኝ ኖሮ ወደ ቤትህ ልልክህ ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ ግጭት ሽባ ሊያደርግህ ይበቃ ነበር" አለችኝ። ስሙ ይባረክ! በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቴ ተንቀሳቀሰ። ከእንግዲህ አትጫወትም ሲሉኝ አዝናለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ከባድ ሸክም ከጫንቃዬ የወረደ ያህል ግን እፎይ አልኩ።

አሁን እዚሁ አጠገባችን ላንሲ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት የሽማግሌዎቹን ሸሚዝ እቆልፋለሁ። ትንሿ ጣቴ እስካሁን ትደነዝዛለች፤ ቁልፉን ግን እይዛለሁ። ጌታ ይመስገን!

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሕመሙን ደብቆ የተቀመጠ ካለ ጌታን አይፍራው። እኔ እየዋሸሁ እንኳ አልጣለኝም። ዛሬውኑ ንገሩት።