የዋንዛው ደም

አማን ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የሰው ደም በመስታወት ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ወባ መፈለግ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ አንጋፋ ባለሙያ ጡረታ ሲወጡ ጓደኞቼ ጋቢ እንግዛላቸው አሉ። እኔ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዩት የኖሩትን ነገር በእንጨት አሠርቼ ልሰጣቸው ፈለግሁ፤ የቀይ ደም ሕዋስ ቅርጽ ያለው ገበታ።

ወደ ሸዋ ቤንች ወረዳ በሚወስደው መንገድ ዳር በርጩማና ገበታ የሚጠርብ አንድ ሰው አለ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሥዬ የወሰድኩለትን ሥዕል ቢያየው አልገባውም። ስለዚህ ከደጁ ጭቃ አንስቼ እንደ ቂጣ ጠፈጠፍኩና ከላይም ከታችም መሐሉን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት።

"ሲስተር፣ ሁለቱም ወገን ከጎደጎደ እኮ መሐሉ ይበሳል" አለኝ።

"አንተ ካወቅህበት አይበሳም።"

ቀላ ያለ የዋንዛ ግንድ መረጠ። በመሮ ጥቂት ይፈለፍልና መሐሉን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። ድምፁ ሲቀጥንበት መፈልፈሉን አቆመ። በመጨረሻ ወባዋን ራሷን ጨመርንበት። እኔ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ፤ እሱ የቀጭን ቱቦ ጫፍ አግሎ በየምልክቱ ላይ ቀለበት ተኮሰ። ለጋ ወባ በደም ውስጥ እንዲያ ነው የምትታየው፤ ፈርጥ ያለው የጣት ቀለበት ትመስላለች። ዘይት ቀብቶ እንዲያደርቀው እሱ ዘንድ ተውኩት። በሽኝቱ ቀን ጠዋት በጨርቅ ጠቅልሎ ላከልኝ፤ ሳልፈታው ይዤው ሄድኩ።

በሽኝቱ ላይ አዛውንቱ አስተማሪዬ ጨርቁን ፈትተው ገበታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ምርቃት ስጠብቅ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የማን ደም ነው?" አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ቀለበቶቹስ እሺ። እነዚህን ለምን አስቀረጽሻቸው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠርዙ አጠገብ፣ እኔ ምልክት ባላደረግሁበት ቦታ፣ ማጭድ የሚመስሉ ቅርጾች ተቀርጸዋል፤ ወፈር ወፈር ያሉ፣ መሐላቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው። ይህ የወባ ሌላ መልኳ ነው፤ በሰው ደም ውስጥ ሰንብታ ወደ ትንኝ ለመሻገር ስትዘጋጅ የምትይዘው። ያንን መልክ ለጠራቢው አሳይቼውም ነግሬውም አላውቅም።

በማግስቱ ሄድኩበት።

"እነዚያን ማጭዶች ቅረጽ ያለህ ማን ነው?"

"አንቺ ነሽ እንጂ! ምልክት አድርገሽ የለ?"

"እኔ አላደረግሁም።"

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። "ሲስተር፣ ነበሩ። ዘይቱን ስቀባው ታዩኝ። የረሳኋቸው መሰለኝና ቀረጽኳቸው።"

"ሰሞኑን አሞህ ነበር?"

"ኧረ ደህና ነኝ። ቀደም ሲል ትኩሳት ቢጤ ይዞኝ ነበር፤ በራሱ ጊዜ ተወኝ።"

ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ጤና ጣቢያ ይዤው መጣሁ። ጣቱን ወጋሁት፣ ደሙን ቀባሁ፣ አደረቅሁ፣ ቀለም አልብሼ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ቀለበት የለም። መስታወቱን ትንሽ ገፋ ሳደርገው አንድ ማጭድ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። አዛውንቱ የቀረ ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበርና ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ እኔን ሳይሆን በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ሰው ተመለከቱት።

"መድኃኒቱን ስጪው" አሉ።

መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ደሙም ጠራ። በእኛ አገር ወባ ያልያዘው ማን አለ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ዋንዛም የራሱ ጥቋቁር ነጥቦች አሉት፣ ዘይት ሲነካው ይጎላሉ እላለሁ። አዛውንቱ ገበታውን ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ አንድም ቀን ፍሬ ተቀምጦበት አላየሁም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ጠራቢው ሮጦ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ወደ ጥላው ወሰደኝና ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አዲስ ቁራጭ ዋንዛ አሳየኝ።

"ሲስተር፣ ይሄን ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት። የራስሽን ልሥራልሽ?"

እንጨቱን አየሁት። ከመጀመሪያው ይበልጥ የቀላ፣ የሚያምር እንጨት ነበር። እሺ ልል አፌን ስከፍት አዛውንቱ "የማን ደም ነው?" ያሉት ትዝ አለኝ።

"ቆይ፣ አሁን አይሁን" አልኩት።

ጆንያ አነሳና እንጨቱን ሸፈነው።