ነጫጭ ነጥቦቼና አዲሱ ብሮውዘር

ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ባለው የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ላምቤቦ ኮምፒውተር ፊት አላስቀመጡኝም። ፕሪንተሩ አጠገብ አቆሙኝ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆኑ ሠራተኛን የሚያዩት እንደ ተማሪ ነው። "መጀመሪያ ይህ ማሽን ወረቀት ሲነክስ ምን እንደምታደርግ ልይ" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ፕሪንተሩ ብዙ ቅጠል ወረቀት አንድ ላይ ጎርሶ ቆመ። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ አንዱንም ሳልቀድ አወጣሁ። "ነገ ወንበር ይኖርሃል" አሉ።

በእኛ ቤት ማዕረግ አለ። ከታች ኮፒ ነው። ቀጥሎ ጽሕፈት ይመጣል፦ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመዘምራን የመዝሙር ወረቀት። ከሁሉ በላይ ኦንላይን የምንለው ነው፦ የፈተና ውጤት ማየት፣ የሥራ ምዝገባ፣ የፓስፖርት ቀጠሮ። የኦንላይን ሠራተኛ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነው፤ ውጭ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ የደረስኩት በፍጥነቴ ነው። ኮሌጅ አልገባሁም። ኮምፒውተርም ሆነ ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ሁለቱንም እየነካካሁ ለመድኩ።

ደንበኞቻችን ራሳቸው መሥራት ይወዳሉ፤ ግን ያወረዱት ፋይል ይጠፋባቸዋል። "ኢዮብ፣ የት ገባ?" ይሉኛል። መመላለሱ ሲሰለቸኝ አንድ ቀን የጽሕፈት ስሕተት የምናጠፋበትን ነጭ ፍሉድ አነሣሁና በየስክሪኑ ጠርዝ ላይ ነጥብ አደረግሁ። ግራ ታች ያለው ነጥብ የወረደ ፋይል የሚመጣበት ነው። ግራ ላይ ያለው ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለሻ ነው። ቀኝ ላይ ያለው ፕሪንት የሚገኝበት ነው። ከዚያ ወዲህ ከወንበሬ ሳልነሣ "የታችኛዋን ነጥብ ተመልከቱ" ማለት በቂ ሆነ። ሰዉም "የኢዮብ ነጥብ" ይል ጀመር። ግጥሜ ያላመጣልኝን ስም ፍሉድ አመጣልኝ።

ጊምቢቹ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ የሆኑ አቶ ሄራሞ ደግሞ በስልክ ነበር የሚጠይቁኝ። የእሳቸውን ስክሪን አላየውም፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እመራቸው ነበር። "ግራ ታች ይምጡ። አዎ፤ እሷን ይጫኑ።" "መጣ! አንተ እዚህ ተቀምጠህ ነው እንዴ?" ይሉኛል።

ጋሽ ላምቤቦ ይህን እየሰሙ አንድ ቀን ተናገሩ። "ጊምቢቹ ቅርንጫፍ ልከፍት ነው። እኔ ሳልኖር ቤቱን ብቻውን የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ።" ይህን ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። የራሴ ቤት፣ የራሴ ወንበር፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ማንም ሳያየኝ የምጽፈው ግጥም።

ምሕረት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የሺንሺቾ ልጅ ናት። እንደ ደንቡ ኮፒ ላይ ተመደበች። ብዙ አታወራም። ጥፍሮቿ አጫጭር ናቸው። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ከመቀመጧ በፊት ኪቦርዱን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔን አላስፈራችኝም። ማውሱን ገፋ አድርጋ ስትቀመጥ አይቼ "ይቺ ገና ናት" አልኩ በልቤ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሮቹን ስንከፍት ድረ ገጽ የምንከፍትበት ብሮውዘር ራሱን አድሶ ጠበቀን። ቀጥ ያለው ሁሉ ክብ ክብ ሆኗል። ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለሻው የለም። የዘወትር ገጾቼን የደረደርኩበት መስመር የለም። ፕሪንት ሌላ ዝርዝር ውስጥ ተደብቋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የወረደ ፋይል ግራ ታች አይመጣም፤ ቀኝ ላይ ጥግ አንዲት ቀጭን ቀስት ብቅ ትልና ትጠፋለች። ነጥቦቼ በየስክሪኑ ጠርዝ ላይ ባዶ ቦታ እያሳዩ ቀሩ።

አቶ ሄራሞ በዚያው ቀን ደወሉ። የእሳቸውም ተለውጦ ነበር።

"ግራ ታች ይምጡ" አልኩ በልማድ።

"ግራ ታች ምንም የለም ወንድሜ።"

"ይመልከቱ እንጂ አቶ ሄራሞ።"

"እያየሁ ነው እኮ! ከዚህ በታች ጠረጴዛ ነው ያለው።"

ጋሽ ላምቤቦ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ስልኩን ዘግቼ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ትናንት ከታች ነበርክ፣ ዛሬ ከላይ ወጣህ፤
ደንበኛ ፊት ቆሜ፣ አሁን ከየት ላምጣህ?

ደንበኞች አነበቡት፤ ወደዱት። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣው። ምሕረትም ከኮፒ ማሽኑ መጥታ ቆማ አነበበች።

"ያምራል" አለች። "ግን ኮንትሮልን ይዘህ ጄ የሚለውን ፊደል ብትጫን እኮ ራሱ ይመጣል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሞከርኩት፤ መጣ። የወረዱት ፋይሎች በሙሉ በአንድ ገጽ ተደርድረው መጡ። ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ግጥሜን ወደደችው፤ መልስም ሰጠችው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳመመኝ እስካሁን አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደተማረችው ጠየቅኋት። "እኛ ትምህርት ቤት ማውስ አልነበረም" አለች። "የነበሩት ተሰባብረው አለቁ። መምህራችን ሁሉንም በኪቦርድ አስተማረን። እኔ አሁንም ማውስ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል።" ቆጮዋን ከፈል አድርጋ አቀረበችልኝ። በላሁ። ስበላም እቀና ነበር። እኔ ሙሉ ዕቃ ባለበት ቤት ለዓመታት የሰበሰብኩት እውቀት በአንድ ሰኞ ሲፈርስ፣ ዕቃ ከጎደለበት ክፍል የመጣችው ልጅ እውቀት ንቅንቅ አላለም። ብሮውዘሩ ቢታደስ ባይታደስ ለእሷ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሷ አልተነቀለም። ማን ወደ እሷ እንደሄደ፣ ማን "አመሰግናለሁ" እንዳላት፣ ማን "እሷ ትምጣልኝ" እንዳለ አያለሁ። ከዱራሜና ከሺንሺቾ የመጡት በከምባትኛ ሲያወሯት "የአገሯ ሰዎች ናቸው፤ ምን ይደረግ" እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የሆሳዕና ሰዎች፣ እኔን በሀዲይኛ የሚያዋሩኝ የኔዎቹ ሰዎች ወደ እሷ ሲሄዱ ግን መጽናኛ አጣሁ። ጋሽ ላምቤቦ ከኮፒ አንሥተው ከመስኮቱ ቀጥሎ ባለው ኮምፒውተር አስቀመጧት።

እኔም ዘዴ ፈለግሁ። ሞርሲቶ ከተማ ባለው ጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የቀድሞውን ብሮውዘር መጫኛ አገኘሁና በፍላሽ አመጣሁት። በመስኮቱ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን አጥፍቼ አሮጌውን ጫንኩ፤ እንዳይታደስም ማደሻውን ዘጋሁት። ቀጥ ያለው ቀጥ አለ። ግራ ታች ያለችው ነጥብ እንደገና ሥራ አገኘች።

ጋሽ ላምቤቦ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱ። "ይኼኛው ለምን ከሌሎቹ ተለየ?"

"ለምጄው ነው ጋሼ። ያፈጥነኛል።"

"ጊምቢቹም በፍላሽ ይዘኸው ልትሄድ ነው?"

"አስፈላጊ ከሆነ እይዘዋለሁ።"

መነጽራቸውን ወደ ቦታው መልሰው ሄዱ። መምህር ዝም ሲል ማርክ እየጻፈ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ሲስተር አማረች ሞርሲቶ የሚሠሩ ነርስ ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው የኔ ደንበኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ለትምህርት ሊያመለክቱ መጡ፤ ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ሚኒባሱ ስላቆያቸው የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። "ልጄ፣ ከዚህ ዓመት በኋላ ዕድሜዬ አያስገባኝም" አሉኝ እየተቀመጡ። ምሕረት "ሲስተር፣ እኔ ነፃ ነኝ" አለች። እሳቸው ግን "የለም፣ እኔ የኢዮብ ነኝ" አሏት። ይህን ቃል ልቤ እንደ ማር ላሰው።

ሁሉንም ሞላሁ። ስም፣ የሥራ ልምድ፣ የምስክር ወረቀት። መጨረሻ ላይ የመላኪያው አዝራር ግራጫ ሆኖ ቀረ። ብጫነው አይሠራም። ገጹን ባድሰው የሞላሁት ሁሉ ጠፋ፤ በምትኩ የምትጠቀምበት ብሮውዘር አሮጌ ነውና አድስ የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። የዘጋሁትን ማደሻ ከፈትኩ። ኔትወርኩ ተንቀራፎ መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ኢዮቤ፣ አንተን ትቼ አይደለም" አሉ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ምሕረት ወንበር ተሻገሩ። ርቀቱ አንድ እርምጃ ነው።

ምሕረት ኪቦርዱን አልጠረገችም፤ ጊዜ አልነበራትም። "ወረቀቶቹን አንብብልኝ" አለችኝ። ቆሜ አነበብኩላት። እኔ ስሙን ሳልጨርስ ጣቶቿ ወደሚቀጥለው ቦታ አልፈዋል፤ ማውሱ ግድግዳው ሥር ተገልብጦ ተኝቷል። ቁጥር ሳነብ አልተሳሳትኩም። ለሲስተር ስል ነው ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ ግን ስሕተት ቢመጣ የኔ እንዳይባል ስለፈራሁም ነው።

"ተቀብለናል" የሚለው ገጽ የመጣው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሲስተር ጮክ ብለው ጌታን አመሰገኑ፤ ምሕረትን ግንባሯን ሳሟት። እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የግንባርና የትከሻ ልዩነት ያን ቀን ገባኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ላምቤቦ የጊምቢቹን ቁልፍ ለምሕረት ሰጧት። እኔን ለብቻዬ ጠርተው "አንተን ከዚህ መንቀል አልፈልግም፤ መስኮቱ አንተን ለምዷል" አሉኝ። አንድን ሰው ሳያስቀይሙ መጣል እንዲህ ነው፤ ጥሩ መምህር ነበሩ። "ለምን እንደሆነ ልወቅ ጋሼ?" አልኩ። "ጊምቢቹ ላይ አንድ ነገር ሲቀየር የምትደውልለት ሰው የለም" አሉ።

ምሕረት ስትሄድ ግድግዳው ላይ ያለውን ግጥም ጠየቀችኝ። "እዚያ ልለጥፈው።" ሰጠኋት። እሷ ከሄደች በኋላ ነጥቦቹን በምላጭ ፋቅኋቸው። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ምልክታቸው አሁንም ይታያል።

በቅርቡ ብሮውዘሩ እንደገና ታደሰ። ቀጭኗ ቀስት ራሷ ተሰወረች። አቶ ሄራሞ ደወሉ። "ምሕረት ጋ ልሄድ ነበር፤ ሰልፉ በዛብኝ" አሉ። ሰልፍ! በጊምቢቹ!

"ኮንትሮልን ይዘው ጄን ይጫኑ" አልኳቸው።

"መጣ! አንተም ልክ እንደ ምሕረት ሆንክ እኮ።"

"አዎ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁና ለምትመጡት የምለው አንድ ነገር ነው። አዝራር የት እንዳለ አትሸምድዱ፤ ምን እንደሚሠራና በስንት መንገድ እንደሚጠራ ተማሩ። ከሚበልጣችሁም ሰው ቢሆን፣ እየቀናችሁም ቢሆን ተማሩ። ቅናቱ አይለቅም፤ ሥራው ግን ይሠራል።