ገሩና አመለኛው ሥር

አያ ይኸነው በአገው ምድር ግምጃ ቤት የሚባል አገር ገበሬ ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመት ቢሞላቸውም ጥር 23 ቀን በፈረሰኞች በዓል ካልጋለቡ ዓመቱ የተቆጠረ አይመስላቸውም። በ2009 ግን በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ተቅማጥ ጥሏቸው እንጅባራ መጥተው ሆስፒታል ተኙ። እኔ አጠገባቸው ካለው አልጋ እህቴን አስታምም ነበር።

ሰውነታቸው ውኃ አጥቶ የደም ሥራቸው ጠፋ። ግራ ክንዳቸው ሁለቴ፣ ቀኙ አንዴ ተወግቶ አበጠ። ግሉኮሱ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል።

«ዛሬ ካልገባልዎ ባሕር ዳር ይላካሉ» አለቻቸው ነርሷ፣ ሲስተር ማናለብሽ። «ከዚያ ለጥር 23 አይደርሱም።»

«እኔ የፈረስን የአንገት ሥር ዓይኔን ጨፍኜ አገኛለሁ። አንቺ ዓይንሽን ገልጠሽ አጣሽው?»

ማናለብሽ ወጣች፤ ከማዋለጃ ክፍል ባለጎማውን አልትራሳውንድ እየገፋች ተመለሰች። አያ ይኸነው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ባለፈው ዓመት ምራታቸው የታየችበት መሣሪያ ነበር።

«ይህማ የእርጉዝ ነው! በግልቢያ የሚፎካከረኝ ደርበው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ሆድዎን ማን ፈለገው? ክንድዎን ይስጡኝ።»

ቀዝቃዛው ቅባት ሲነካቸው «ኧረ ይቀዘቅዛል!» ብለው ዘለሉ። ስክሪኑ ላይ ሁለት የደም ሥሮች እንደ ጥቁር ክብ ታዩ። ማናለብሽ መሣሪያውን ክንዳቸው ላይ ጫን ስታደርገው አንዱ ክብ ጠፍጠፍ ብሎ ተኛ፤ ሌላው ግን መዝለሉን ቀጠለ።

አያ ይኸነው አንገታቸውን አሰገጉ። «ቆይ፣ ቆይ! ይሄኛው አመለኛ ነው፤ ሲጫኑት ይፈራገጣል። ያኛው ገር ነው፣ ኮርቻ ይቀበላል። ገሩን ያዥው!»

«እሱን ነው የምይዘው። አመለኛው ደም ከልብ የሚያመጣው ነው፣ አይነካም።»

«እንዳይደነግጥብሽ ቀስ ብለሽ ቅረቢው።»

መርፌው በአንድ ጊዜ ገባ። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የግልቢያ ባላንጣቸው ደርበው ሊጠይቃቸው መጣ። ማን እንደነገረው አልናገርም፤ እኔ ኮሪደር ላይ ሰላም ብቻ ነው ያልኩት፣ ትንሽም አወራን።

«ይኸነው፣ እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለ ከበሩ። «ወንድ ነው ሴት?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«ሁለት ፈረስ» አሉ አያ ይኸነው፣ ፈገግ ሳይሉ። «ጥር 23 ታያቸዋለህ።»

በአምስተኛው ቀን ድነው ወጡ። ጥር 23 ከማናለብሽ ጋር መንገድ ዳር ቆምን። አያ ይኸነው ፕላስተር ያለበትን ክንዳቸውን ለእሷ ከፍ አድርገው በፊታችን አለፉ። ደርበው አቧራቸውን እየቃመ ከኋላ ይጮኻል፦

«ሰዎች፣ አራሷ ቀደመችኝ!»