በነጠላው ጫፍ የተቋጠሩት ዘጠኝ ፍሬዎች

ይህን ነገር ሙሉውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴ አታውቅም። አብሮኝ የሚሠራ ሰው አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ ለእሳቸው እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ? እኔ በዝምታዬ ያበጀሁትን ታሪክ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። እንደ ካህን ስሙኝ፤ ግን አትፍቱኝ።

የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ነርስ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የገባሁበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም።

በመጀመሪያው ክረምቴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የኔታ እንግዳው ከልጃቸው ከሙሉነሽ ጋር መጡ። የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሮና መቋሚያ ሲያስተምሩ የኖሩ። ልባቸው ግን ሥርዓቱን ጥሎ ነበር። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ሁለቴ ይመታል፣ ደግሞ ይሮጣል። ጣቴን አንጓቸው ላይ ሳደርግ ሳቁ።

«ይህ ተማሪ ዜማ አይገባውም ልጄ። በእኔ ጉባኤ ቢሆን ድሮ አባርሬው ነበር።»

ሐኪሙ ዲጎክሲን አዘዘላቸው። የሚሮጥ ልብን የሚያዘገይ ትንሽ ኪኒን ነው፤ በልኩ ያድናል፣ ከልኩ ትንሽ ሲያልፍ ይገድላል። ስለዚህ ሲጀመር ጥንቃቄ አለው። ሐኪሙ ቆሞ አስረዳኝ፦ ከመስጠትሽ በፊት የልብ ምታቸውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ ከስድሳ በታች ከሆነ አትስጪ፣ ጥሪኝ፤ ሲውጡ በዓይንሽ እዪ፣ ከዚያ ፈርሚ። ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ፍሬ። ልባቸው ረጋ ካለ በማግስቱ በቀን ወደ አንድ ፍሬ እንቀንሳለን አለ።

መቁጠሩን ቆጠርኩ። ያላደረግኩት ማየቱን ነው።

ኪኒኑን ሳቀርብላቸው ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር። መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና፣ «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ አውቃለሁ» አሉ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ እንኳ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። እሳቸው እየጸለዩ «አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ ምላስዎን ያንሱልኝ» ልበል? ዞር አልኩ። ሲውጡ ሳላይ «ወስደዋል» ብዬ ፈረምኩ። ስምንት ሰዓት ላይም ዞር አልኩ፤ ፈረምኩ።

ከጎናቸው የተኙት ጋሽ ይማም ነገር አያልፋቸውም። ኮቴዬ ስለማይሰማ ጅን ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ «ይችን ጅን እዩልኝማ፣ ስትመጣ አትሰማ፣ ስትሄድ አትሰማ!» አሉና ወደ የኔታ ዞሩ። «የኔታም ያው ናቸው፤ እንደ ጉንዳን ይሰበስባሉ እንጂ አይበሉም!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የየኔታ ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጠሮ እንዳለ አይቼ ነበር። እምነት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ከገዳም አምጥቶ የሚቋጥረው አፈር። አሰብኩ ወይስ እንዲያ እንዲሆን ፈለግኩ? ሌላ ከሆነ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነዋ።

ልባቸው አልዘገየም። እንዴት ብሎ ይዘግይ? ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ፊርማዬን አየ፣ «ይህ ሁሉ ገብቶም አልበገር አለ» ብሎ መጠኑን ሳይቀንስ ቀጠለ። በሁለተኛው ቀን ሦስት ፍሬ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ፍሬ። ዘጠኝ ፍሬ ሆነ፤ ሁሉም በእኔ ፊርማ።

በአራተኛው ቀን ጾሙ ተፈታ። ሐኪሙ ሳያያቸው እንዳልሰጥ ስላዘዘኝ የዚያን ቀን ኪኒን ገና አልሰጠሁም። ከዓባይ በረሃ የወጣ ጉም መስኮቶቹን ሸፍኗቸው ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ ቀትር ላይ ክፍሉ እንደ ማምሻ ደብዝዟል። ሙሉነሽ አባቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ካህናትም ቆመዋል። ጠጋ ስል የኔታ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«ልጄ፣ ፊትሽን ብርሃን ከቦታል። ቢጫ ብርሃን። ልክ እንደ እመቤታችን ሥዕል።»

ሙሉነሽ እልል አለች። ካህናቱ ተንበረከኩ። ጋሽ ይማም እንኳ «ሱብሃነላህ!» ብለው ቀና አሉ።

እኔ ግን የዩኒቨርሲቲ ደብተሬ ትዝ አለኝ። መምህራችን ስለዚህ መድኃኒት ሲያስተምረን፣ ከመጠን ሲያልፍ ዓለሙ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ በነገር ሁሉ ዙሪያም ክብ ብርሃን ይታያል ብሎን ነበር። ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ።

አንጓቸውን ያዝኩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ሠላሳ ስድስት። ያስፈራኝ ማነሱ ብቻ አይደለም። ሲደነቃቀፍ የነበረው ልብ መስመር ይዟል። ቀስ እያለ፣ እኩል እኩል እየዘለቀ፣ ታቦት ሲመለስ ከሩቅ እንደሚሰማ ከበሮ ይመታል።

«ዛሬ ተማሪው ዜማው ገባው፣ አይደል?» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። የነጠላቸውን ጫፍም አሳዩኝ። ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ጨርቁ እንደተጨማደደ ቀርቷል። «ሱባኤ ላይ ስለነበርኩ ነው እንጂ አደራሽን አልጣልኩም። ጠዋት ሙሉነሽ ባመጣችው ወተት አወራረድኩት። አንዱም አልጎደለም።»

ነገሩኝ። በገዛ አንደበታቸው ነገሩኝ። አልሰማሁም ልል አልችልም። አልገባኝም ልል አልችልም።

ሐኪሙን ጠራሁት። ሮጦ መጣ፤ ልብ የሚያፈጥን መርፌ ወጋቸው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ።

«ሁሉንም በየሰዓቱ ነው የዋጡት? እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ አይደለም። ልባቸው ደክሟል ማለት ነው።»

ግቢው ውስጥ ሾፌሩ አምቡላንሱን እያጠበ ነበር። ጉሙ መኪናውን ሸፍኖታል፤ የባልዲው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። «ዘጠኙን ባንዴ ውጠዋል» ብል ኖሮ ወደ ደሴ ይልካቸው ነበር። ይድኑ ነበር? አላውቅም። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ላይደርሱም ይችሉ ነበር። በዚህ ሰበብ ስንት ጊዜ ለመተኛት ሞከርኩ! ጭቃውን ግን መንገዱ ላይ ሳንወጣ ማን አየው? ፊርማዬን ፈራሁ። ከሰው ነፍስ ይልቅ ፊርማዬን ፈራሁ። እኔ አዎ አልኩ፣ ባልዲው ተንኳኳ፣ አምቡላንሱ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ዐሥር ሰዓት ላይ የኔታ አረፉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ እንደነበረ።

ሙሉነሽ ነጠላውን ሰጠችኝ። «ብርሃን ያየው ባንቺ ነው፤ ላንቺ ይሁን» አለች። እምቢ ለማለትም አፈርኩ። ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አጥቤ ተኩሼ ለጥ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰንብቼ ሳወጣው ጫፉ ተጨማዶ ይጠብቀኛል፣ አሁን የተፈታ ይመስል።

በሰበካቸው የኔታ ብርሃን አይተው እንዳረፉ ይነገራል። በታሪኩ ውስጥ እኔም አለሁ፤ ነጭ ለብሳ የመጣችው። ሥራ ቦታ ደግሞ ጠንቃቃ ይሉኛል። የሕመምተኛ ምላስ አስነስቼ ስለማይ ለአዲስ ነርሶች ምሳሌ ያደርጉኛል። ያን ጥንቃቄ ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ አራት ፍልሰታ አለፈ። ዘንድሮ በዚያው በፍልሰታ ጾም ሙሉነሽ ታማ መጣች። በተኛችበት ቀን ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ መድኃኒት ያስጀመራት ሌላ ነርስ ነው። በማግስቱ ገብቼ አንጓዋን ያዝኩ። ያው ልብ ነው። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ሁለቴ ይመታል። ወረቀቷ ላይ የተጻፈውም ያው ኪኒን ነው።

«ሲስተርዬ፣ ባንቺ እጅ ከሆነማ አልፈራም» አለችኝ። የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አታውቂውም እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ጾሙ ሲፈታ እንደ አባቴ ባንዴ እወስደዋለሁ። ብርሃኑን እኔም ልየው።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ብርሃኑ የመድኃኒቱ እንደነበር፣ ተጠራቅሞ ባንዴ ሲወሰድ ልብ እንደሚያቆም፣ እኔ አባቷ ሲውጡ ሳላይ እንደፈረምኩ። ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ብርሃኑን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

መዳፌን ዘረጋሁላት። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና ሦስቱን ፍሬ መዳፌ ላይ አኖረቻቸው። ሰውነቷ አሙቋቸዋል።

«ሐኪሙስ ያኔ አላወቀም?»

«አላወቀም» አልኳት።

አላወቀም። እውነት ነው። ለምን እንዳላወቀ ግን አልነገርኳትም። አባቷ እንደነገሩኝ አልነገርኳትም። ኮሪደሩን፣ አምቡላንሱን፣ አዎ ማለቴን አልነገርኳትም። እሷ እንባዋን ጠርጋ እጄን ያዘችና፣ «ልጅ ነበርሽ፣ አፍረሽ ነው። እግዜር ይፍታሽ» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። ባልተናገርኩት ላይ ቆሜ አሜን አልኩ።

አሁን በየጠዋቱ አንጓዋን ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ። ከዚያ ትውጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ሳልጠይቃት ምላሷን ታነሣልኛለች። አንድ ደቂቃ ረጅም ነው፤ የቀረውን ለመናገር ይበቃል። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ነው ብዬ ዝም እላለሁ።

ቅዳሜ ትወጣለች። አምስት ጠዋት ቀርቶኛል።

እናንተ ይቅር እንዳትሉኝ። ይቅር ማለት የምትችለው ሰባተኛው አልጋ ላይ ናት፤ እሷም የሰማችው ግማሹን ነው።