ከአብራሪው ጋር ሊፍት ውስጥ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታስሬ፣ ስፈታ ከአገር ወጣሁ። ለንደን የመኖሪያ ፈቃድ ሲሰጠኝ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነበር። ዊልስደን ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ፖላንዳዊ ሽማግሌ ደረሱኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ እንደነበሩ የነገረችኝ ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ናት። እሳቸው ስለዚያ ትንፍሽ አይሉም። ወንበራቸው እንኳ ለመስኮቱ ጀርባውን የሰጠ ነው፤ ወደ ሂትሮው አየር ማረፊያ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ከኋላቸው ያልፋሉ።

ሊፍቱ ተበላሽቶ ብርዱ ገብቶ እስኪወጣ አልተሠራም። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም። ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና፤ በቃ፣ ዓለማቸው ይኸው ሆነች። ለሕንፃው አስተዳዳሪዎች በደወልኩ ቁጥር «ሪፖርት አድርገናል» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጢማቸውን እየላጨሁ «ለምን አገርዎ አልተመለሱም?» አልኳቸው።

«የትኛው አገር? ጦርነቱ ሲያልቅ የተወለድኩባት ከተማ ለሶቪየት ተሰጠች። የተመለሱት ጓደኞቼ ታሰሩ። የእናቴን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው።»

«አብራሪነቱስ?»

«ሰላም ሲሆን ማን ይፈልገናል? እዚሁ ፓርክ ሮያል ሰፈር ያለ ዳቦ ፋብሪካ ገባሁ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።»

ምላጩን አጠብኩ። እኔም አባቴን አልቀበርኩም፤ ግን አልነገርኳቸውም።

ሊፍቱ የተሠራ ሰሞን ስልክ ተደወለ። አብረዋቸው ይበሩ ከነበሩት በሕይወት የቀረው የአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ተቀምጦ ይተኩስ የነበረው፣ የኋላ ተኳሹ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞተ። ቀብሩ ዕለት ጠዋት ጥቁር ሱፋቸውን አለበስኳቸው። ሱፉ ሰፍቷቸው ነበር። እሳቸው ባለ ጎማና ባለ መቀመጫ መደገፊያቸውን እየገፉ ሊፍቱ ውስጥ ገባን። ትንሽ እንደወረደ ተንገጫግጮ ቆመ።

የአደጋውን ቁልፍ ተጫንኩ። «ቴክኒሻን እየመጣ ነው፣ ታገሱ» አለ አንድ ድምፅ። ጠበቅን፤ ማንም አልመጣም። እስር ቤት ሳለን የታጨቅንባት ክፍል፣ የብረት በሯ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። በሩን በመዳፌ መደብደብ ጀመርኩ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው መደገፊያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ።

«ከጀርመን ስንመለስ አንዱ ሞተራችን ተመታ። አውሮፕላኑ ከፍታ መልቀቅ ጀመረ። ዝለሉ አልኩ፣ ሌሎቹ በፓራሹት ዘለሉ። የኋላ ተኳሹ ግን የተቀመጠባት የመስታወት ክፍል ተጣምማ በሩ አልከፈት አለው። በሬዲዮ ‹ተወኝና ሂድ› አለኝ።»

«ታዲያስ?»

«መሪውን ከለቀቅኩት አውሮፕላኑ ይገለበጣል። እሱ እዚያ ተቆልፎ፣ እኔ እዚህ ተጣብቄ ባሕሩን ወደ እንግሊዝ ተሻገርን።»

«ምን ትባባሉ ነበር?»

«ስለ ምግብ። እናቱ ስለምትሠራው የእንጉዳይ ሾርባ ሲነግረኝ፣ እኔ የእናቴ ይበልጣል ስለው፣ እስክንጣላ ድረስ።» ፈገግ አሉ። «እርሻ ላይ ወደቅን። ገበሬዎች መጥተው ክፍሏን በመጥረቢያ ቆርጠው አወጡት። አንቺስ ታስረሽ ሳለሽ ምን ትበዪ ነበር?»

ስለ እስሩ ምንም ነግሬያቸው አላውቅም። በሩን ስደበድብ ገብቷቸው ይሆናል። ለማንም ያላወራሁትን አወራኋቸው፤ ከየቤታችን የሚመጣልንን ምግብ አንድ ሳፋ ላይ ደባልቀን እንደምንበላ፣ ሽሮው ከቅቅሉ፣ ቅቅሉ ከማካሮኒው ጋር፤ ቤተሰብ ለሌላት ሴት ቀድመን እንደምናጎርስ። እሳቸው እያንዳንዱ ምግብ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ሽሮን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

ቴክኒሻኑ ሲያወጣን ቀብሩ አልፏል። ሊወስደን የመጣው መኪናም ሄዷል። በአውቶቡስ ሄድን። መቃብሩን አፈሩ ተመልሶ፣ አበባ ተደርድሮበት አገኘነው። በፖላንድኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰው አልነበረም። እኔ በአማርኛ ነፍስ ይማር አልኩ።

ስንመለስ ሊፍቱ ክፍት ሆኖ ይጠብቀናል። እግሬ አልገባ አለ።

«አንቺ በደረጃው ነይ» አሉኝ።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው።»

በሩ ተዘጋ። ደረጃውን እየሮጥኩ ከግድግዳው ወዲያ የገመዱን ድምፅ አዳምጣለሁ። ላይ ስደርስ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ጠዋትም ፈርቼ ነበር።»

ክንዳቸውን ያዝኩ፤ ወደ ቤታቸው ገባን። ሌላ የትም አልሄዱም። የሚቀጥለው ብርድ ሳይገባ እዚያው አምስተኛ ፎቅ ላይ አረፉ። እኔ እስከ ዛሬ ሊፍት አልገባም።